የአሪፋ ፔርሙዝ

ሐምሌ 9፣ 2018፣ ሐሙስ

ትሕትና ዛሬ ጠቅልላ መጣች። ባሏ አክሊል የጭነት መኪናውን ይዞ ጅቡቲ ሊወርድ ስለሆነ ሻንጣዋን በር ላይ አውርዶ «እትዬ፣ አደራ» ብሎኝ ሄደ። አደራ ይለኛል እንዴ! ያሳደግኳትን እህቴን ለእኔው አደራ! እናታችን ስትሞት ትሕትና ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ፀጉሯን የሠራሁት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ፣ የዳርኳት እኔ። አሁንም ስትወልድ የማርሳት እኔ ነኝ። ወንድ ነው ብለዋታል። አርባው ሞልቶ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከዚህ ቤት አትወጣም።

አልጋውን ጣሪያው ከማያፈሰው ግድግዳ አስጠጋሁላት። ብርድ ልብስ ሁለት፣ ጋቢ አንድ። ሞቅ ያለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ጠርሙሱን በካልሲ ጠቅልዬ እግሯ ሥር አደረግሁላት። «እትዬ፣ ገነት ነው እኮ!» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። አሪፋ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። አሪፋ የጎረቤቴ የባለሱቁ የኑሪ ሚስት ናት። በሁለታችን ግቢ መሀል ያለውን የአጥር ቆርቆሮ ዝናብ በልቶት፣ ሰው በጎኑ የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጥቶለታል። ኑሪ «አስጠግነዋለሁ» ሲል ስንተኛ ክረምቱ ነው። «ትሕትናዬ! መጣሽልን!» ብላ አቀፈቻት።

መጣሽልን። ለማን ነው የመጣችው?

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ከቁስቋም ቅዳሴ ስመለስ ሁለቱ አልጋው ላይ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። አሪፋ በእጇ ሹራብ ትሠራለች፤ ለማሙሽ ቢጫ ኮፍያ። ትሕትና አገጯን በእጇ ደግፋ «እንዴት ያምራል! እንዴት ያምራል!» ትላለች።

እኔ እንጀራዬ ሹራብ ነው። የዚህ ሠፈር ተማሪ ደረቱ የሚሞቀው በእኔ፣ በየዓለም፣ ማሽን ነው። ለማሙሽ ነጭ ሹራብ ከነካልሲው ሠርቼ ላስቲክ ውስጥ ካስቀመጥኩ ቆየሁ። ሳሳያት ምን አለች? «ጥሩ ነው እትዬ።» ጥሩ ነው! ፈተና የምታርም ነው የምትመስለው።

ቀናተኛ እንዳልባል እንጂ፣ የኮፍያው አንደኛው ጆሮ ከሌላው ዝቅ ብሏል።

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። የትምህርት ቤቶቹ ሹራብ ለመስከረም መድረስ አለበት፤ ክር አልቋል። አዲሱ ገበያ ወርጄ ክር፣ ቅቤ፣ ማር፣ አጃ ገዛሁ። አጃውን ራሴ ለቀምኩ፣ ራሴ ቆላሁ፣ ወፍጮ ቤትም ራሴ ቆሜ አስፈጨሁ። ለአራሷ አጥሚት የማንም እጅ አይገባበትም።

ቤት ስገባ ትሕትና አዲስ ወፍራም ካልሲ አድርጋለች። ማን እንደሰጣት አልጠየቅሁም። ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል?

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

ይህን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። በቃ፣ ልጻፈው።

ኮፍያው አልቆ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ትሕትና ተኝታለች። ሳነሣው ጫፉ ላይ አንዲት ክር ወጣ ብላለች። ልቆርጣት ነው የሳብኳት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልቆርጣት ነው። ትንሽ ስስባት መጣች። ደግሞ ሳብኳት፤ አሁንም መጣች። እጄ ለምን እንዳልቆመ አላውቅም። ጆሮው ሄደ፣ ግንባሩ ሄደ፣ ብቻ ስነቃ ቢጫ ክር ጉልበቴ ላይ ተከምሯል።

እንዴት ደነገጥኩ! ወዲያው ተቀምጬ መልሼ ሠራሁት። የእሷን አሠራር አስመስዬ፣ ያንን ዝቅ ያለ ጆሮ እንኳ ሳይቀር ዝቅ አድርጌ። የሰው ጉድለት አስመስሎ መሥራት እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ!

አመሻሹ ላይ አሪፋ መጣች። ኮፍያውን አንሥታ ገለባበጠችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠበቅ ጠበቅ አለሳ» አለች።

«ብርዱ ነዋ። ክር በብርድ ይሰበሰባል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፣ የዓለም፤ ብርድ የማይሰበስበው የለም» ብላ ሳቀች።

ምን ማለቷ ነው? ቁጭ ብዬ ሳስበው አመሸሁ፤ አሁንም እያሰብኩት ነው።

ሐምሌ 26፣ እሑድ

የሠፈራችን እማማ ቤዛብሕ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አለብሽ፣ አሪፋ አለችልሽ! የእሷን አጥሚት የጠጣች አራስ እኮ መንታ ታጠባለች» አሉኝ። እኔ ምን አለብኝ! የእኔን እህት አሪፋ ልታርሳት ነው? አሮጊት ባይሆኑ መልስ ነበረኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ዣንጥላ ያዝኩላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። የእነሱን እርድ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በበግ ሾርባው አትገባብኝም፤ ሾርባው የእኔ ነው። አጥሚት ግን ሃይማኖት የለውም። አጃ፣ ውሃ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጨው፣ በቃ። የምፈራው እሱን ነው።

የእናታችንን የእንጨት ማንኪያ ከቁምሳጥን አወጣሁት። እናታችን አጥሚት ስትሠራ ጨዉን በዚህ ማንኪያ ሁለት ታደርግ ነበር፤ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። አሪፋ እናቴን አታውቃትም። የእናቴ ልክ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ተገላገለች! ወንድ! እመቤቴ ማርያም ክብር ይግባሽ።

ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ልጁ ፀጉራም ነው፤ አፍንጫው የአባታችን። አሪፋ ታክሲ ጠርታ አብራን መጣች። ምጥ ሲጠናባት ትሕትና የማንን እጅ እንደያዘች አልጽፍም።

ሐምሌ 30፣ ሐሙስ

ቤት ገባን። የሠፈሩ ሴት ግልብጥ ብሎ መጣ። ገንፎውን እኔ አገነፋሁ፤ ማንንም ማማሰያ አላስነካሁም። ቀመስኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ፣ ደግሜ ቀመስኩ፣ ልክ ሆነ። መሀሉን ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬ ሞላሁት። እልል ተባለ። እማማ ቤዛብሕ ጣታቸውን እየላሱ፣ «የእናትሽ እጅ ነው የወጣብሽ» አሉ። አሪፋ እንኳ ደጋግማ አጠቀሰች፤ «ማሻአላህ፣ የዓለም፣ እንዲህ ነሽ እንዴ!» አለች። አዎ፣ እንዲህ ነኝ።

ኮፍያው ግን አልገባም። ግንባሩ ላይ ቢሉት፣ በጎን ቢሉት፣ ወይ ፍንክች። የልጁ ጭንቅላት ትልቅ ነው ተባለ። አሪፋ ምንም ሳትል ኮፍያውን ወስዳ፣ ገንፎው ሳይበርድ አላልታ መለሰችው። ገባ። ኮፍያውን ስታለብሰው እኔን አላየችኝም። ቀና ብላ ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ጾም ይገባል፣ ፍልሰታ።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

ከእንግዲህ በዚህ ቤት ከአራሷ በቀር ቅቤ የሚነካ አፍ የለም።

የመጀመሪያውን አጥሚት ጣድኩ። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል፤ በጭጋጉ ውስጥ የአሪፋ ሻርፕ ብቅ አለ።

«የዓለም፣ ጾመኛ ነሽ፤ ልቅመስልሽ እንጂ።»

«አያስፈልግም።»

«በረመዳን የእኔን አልቀመስሽልኝም?»

እውነቷን ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው አልነበር? የምስር ሳምቡሳዋን ጨው በየቀኑ የቀመስኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምላሷ ላይ አታስነካም። ያኔ ግን ሌላ ነው፣ ያኔ እሷ ናት የፈለገችኝ። «የእናቴ ልክ አለኝ» አልኳት። ሻርፑ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ጨዉን በማንኪያው ሁለት አደረግሁ። ድስቱ ከእናታችን ድስት ያንሳል፤ ቢሆንም ልክ ልክ ነው። ትሕትና አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ኩባያውን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ… ማለቴ… ትንሽ ጨው…»

«አነሰው? ወይኔ! ቆይ እጨምርልሻለሁ!»

ከእጇ ነጥቄ ጨመርኩላት። ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። ድካም ነው። ከዚያ ውሃ ለመነችኝ።

ነሐሴ 3፣ እሑድ

ውሃ ትጠጣለች፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ማሰሮው ሁለቴ ተሞላ። ወተቷ ሊመጣላት ነው፤ ሴት ስታጠባ ይጠማታል። እማማ ቤዛብሕ ጠይቀዋት ወጡ። «አጥሚቱ እንዴት ነው?» ሲሏት፣ «እህቴ የሠራችው ነው» አለቻቸው። ኮራሁ። አሁን ስጽፈው ሳስተውል ግን ጥያቄውን አልመለሰችላቸውም።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

በፍልሰታ ቅዳሴ ሳልቀር ኖሬ ዘንድሮ ልቅር? ሄድኩ። ቆሜ ልቤ ግን አጥሩ ላይ ነው። ካህኑ «ሰላም ለኩልክሙ» ሲል እኔ «ይህን ጊዜ ገብታለች» እላለሁ። ኃጢአት ነው፤ አውቃለሁ።

ስመለስ የአሪፋ ፔርሙዝ አልጋው ራስጌ ቆሟል። ሰማያዊ ነው፣ ጽጌረዳ ያለበት። ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ። እስከ ጠብታው ተጠጥቷል! የእኔ ድስት ውስጥ ግን ምንም የለም፤ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ጨረስሽው?» አልኳት።

«አዎ እትዬ።»

ዓይኔን ሳታይ ነው አዎ ያለችኝ። ይህቺ ልጅ መዋሸት አትችልም፣ አላስተማርኳትም። የእኔን ደፍታ የእሷን ጠጥታለች። የአሪፋ ምን ቢኖረው ነው? ጣዕም! የእኔ ጣዕም አንሶት ነው። ከነገ ጀምሮ ጨዉን ሦስት አደርገዋለሁ።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ

ዝናብ። ማሽኑ ተበላሸብኝ፤ ዘይት ጠጥቶ ተነሣ። ማሙሽ ሲያለቅስ አደረ። ትሕትና እግሯ አብጧል። ውሃ። ፔርሙዙ ዛሬም ራስጌዋ ነው። የእኔ ነጭ ሹራብ አሁንም ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ኮፍያው ግን ልጁ ራስ ላይ አድሮ ውሏል።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

በእግዜር ስም፣ ጆሮዬን ባልሰጠሁት።

ዝናቡ ስለጠና ቅዳሴው እንዳለቀ ጠበል ሳልጠጣ ሮጥኩ። በር ላይ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ጣሪያው ሥር ቆምኩ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር፤ እንደዚያም ሆኜ ቆምኩ።

«በዚህ ከቀጠለ አልችለውም አሪፋ። ወደ ቤቴ ልሂድ መሰለኝ» ትላለች ትሕትና። ታለቅሳለች።

«አርባሽ ሳይሞላ? ሰው ምን ይላል? እሷስ ምን ትሆናለች?»

«እንዳትነግሪያት። እሷ እኮ ለእኔ ስትል እንቅልፍ የላትም። ብነግራት ትሞታለች።»

«ወላሂ አልነግራትም። እኔ አለሁልሽ አይደል? ታገሺ ሆዴ፣ ጾሙ እስኪፈታ ነው።»

ከዚያ አሪፋ ወጣች፤ ተደበቅሁ። በገዛ ቤቴ፣ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ! አሪፋ በእጇ ምን እንደያዘች ታውቃላችሁ? የእኔን ድስት። ከነክዳኑ። በቀዳዳው ሾልካ ገባች።

እህቴን፣ ድስቴን፣ ቀጥሎ ምን ቀረ? አልችለውም ያለችው እኔን ነው። ሌላ ምን ትርጉም አለው? ጾሙ እስኪፈታ የተባለውም ገብቶኛል፤ እኔ በበዓሉ ደስታ ስዘናጋ ሊያሸሿት ነው። ያሳደግኳት ልጅ እኔን መቻል አቅቷት ከጎረቤት ጋር ትመክራለች። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ጥፋቴን ፈለግሁ። ቁጡ ነኝ፤ እሺ። ጩኸቴ ከማሽኑ ይብሳል፤ እሺ። እናታችን ግን ቁጡ አልነበረችም እንዴ? እናታችንን ማን ትቷት ሄደ?

ነሐሴ 11፣ ሰኞ

ቀዳዳውን ዘጋሁት።

ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ምስማር ገዛሁ፣ በዝናብ ቸከልኩት። አውራ ጣቴን መትቼዋለሁ። አሪፋ ከወዲያ ማዶ «የዓለም፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች። «ብርድ እየገባ ነው» አልኳት። መዶሻውን ሳስቀምጥ አሁንም ከቆርቆሮው ጀርባ እንደቆመች ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሴ አልሄድም። እመቤቴ ይቅር በይኝ፤ ለእህቴ ነው።

ነሐሴ 13፣ ረቡዕ

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ኩባያውን በእጄ ይዤ አጠጣኋት። «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ለልጅሽ ነው» አልኳት። ጠጣች። ቆይታ አስመለሳት። ደግሜ አሞቅሁላት። «እትዬ፣ ውሃ» አለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርዱ ነው ብዬ ቫዝሊን ቀባኋት።

አሪፋ በዋናው በር ዞራ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። ፔርሙዙን ይዛለች። «ተኝታለች» ብዬ ከበር መለስኳት። ትሕትና አልተኛችም ነበር፤ ሰማችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ለአክሊል ደወለችለት። «ና ውሰደኝ» አለችው። እኔ እዚያው ቆሜ! ጅቡቲ ወደብ ላይ ወረፋ ይዞት ከርሞ ገና አሁን ጭነት እያራገፈ ነው፤ ረቡዕ ይደርሳል።

«ምን በደልኩሽ?» አልኳት።

«ምንም አልበደልሽኝም እትዬ።»

«ታዲያ ለምን?»

የማሙሽን ኮፍያ ማስተካከል ጀመረች። ትሕትና ብለን ስም ማውጣታችን ነው ጥፋቱ። ስድብ እንኳ ቢሆን ብትናገረኝ ምናለ!

አራስ አርባዋ ሳይሞላ ከእህቷ ቤት ወጣች ሲባል ሠፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሠፈሩ ገደል ይግባ። እሷ ከሄደች በዚህ ቤት እኔና ማሽኑ ነን የምንቀረው።

ነሐሴ 15፣ ዓርብ

ሹራብ አልሠራሁም። ዝናቡም አላቆመም። ሻንጣዋን በር አጠገብ አየሁት።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ፣ የፍልሰታ ዕለት

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ለበዓሉስ አልቀርም ብዬ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከእሷ ጋር ልፈስክ፤ ላትኖር ከሆነም አንድ ጊዜ አብረን እንጠጣ አልኩ። የማታውን አጥሚት አሞቅሁ። ቅቤውን አበዛሁበት። የእናታችንን ሁለት ኩባያ አወጣሁ፣ ሞላሁ፣ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«እንኳን አደረሰሽ። ዛሬ እኔም እጠጣለሁ» አልኳት።

ትሕትና ከአልጋው ብድግ አለች። «እትዬ፣ ቆይ! አንቺ አትጠጪ!» ብላ እጇን ዘረጋች። የእኔን አጥሚት እንኳ አትጠጪ ትለኛለች ብዬ በእልህ አንድ ትልቅ ጉንጭ ሳብኩ።

ምን ልበል። ጨው ነው። አጥሚት የነካው ጨው። እንባዬ መጣ፣ በመስኮት ተፋሁት። ውሃ! አልኩ። የምሬን ነው፣ «ውሃ» ብዬ ነው የጮህኩት። ትሕትና የራሷን ማሰሮ አቀበለችኝ።

ጠጥቼ ስጨርስ እያለቀሰች ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው።»

«አንቺ ልጅ! አፍ የለሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ስጀምር ጨመርሽበት።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ትንሽ ጨው… ብላ ነበር። በዛ ልትል ነበር። ከአፏ ነጥቄ «አነሰው» ብዬ የጨረስኩላት እኔ ነኝ።

«እና ድስቱን አሪፋ ለምን ትወስዳለች? ልትደፋልሽ?»

«አትደፋውም። ልድፋው ስላት ‹የእህትሽ እጅ አለበት፣ አይደፋም› አለችኝ። የራሷን አጃ ጨው ሳታደርግ አፍልታ ትቀላቅልበታለች። በፔርሙዙ የምታመጣልኝ እሱን ነው። ያንቺው ነው እትዬ። የጠጣሁት ሁሌም ያንቺው ነው።»

ቀዳዳውን ስዘጋ የዘጋሁት እሱን ነው እንግዲህ። ‹ጾሙ እስኪፈታ› ያሉትም እኔ ራሴ እስክቀምሰው ነበር።

እውነቱን ልጻፍ፤ ለማንም አልናገረውም። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት አይደለም፣ ቅናት ነው። በደግነትም በለጠችኝ! ኮፍያዋን ስተረትር ዝም አለች፤ ድስቴን ስታድን ዝም አለች፤ በር ስዘጋባት ዝም አለች። ሰው እንዴት እንዲህ ዝም ብሎ ይበልጣል? ኀፍረቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም።

«አሁንማ ካወቅሁ ትቀሪያለሽ አይደል?» አልኳት።

ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «እንግዲህ አክሊልን ጠርቼዋለሁ፣ መንገድ ላይ ነው። ይምጣና እናያለን» አለች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናያለን ማለቷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሳስከፋት እንዲህ ነው የምትለኝ።

መዶሻውን ይዤ ወጣሁ። ምስማር ከመቸከል መንቀል ይከብዳል። ቆርቆሮው ሲወድቅ አሪፋ ከወዲያ ማዶ ልብስ እያሰጣች ቆማለች።

«ብርዱ አለፈ?» አለችኝ።

«ጨው በዝቶ ነበር» አልኳት።

«በእናትሽ ጊዜ ጨው የድንጋይ ጨው ነበር፣ የዓለም፤ ይሄ ከኑሪ ሱቅ የምትገዢው ዱቄት ነው። ያንዱ ማንኪያና የሌላው ማንኪያ አንድ አይደለም» አለች። ቀጥላም ልብሷን ማስጣት ጀመረች። «ይቅርታ» ልል አፌን ስከፍት፣ «ተይው በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። አንሶላውን አብረን ጨምቀን አሰጣን።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ

አክሊል ጠዋት ደረሰ። ልጁን ታቅፎ ሲያለቅስ ደስ ይላል፤ ሻንጣዋ ግን በር አጠገብ ነው። ትሕትና ለብሳለች። ብናገር እጮሃለሁ፣ ብጮህ ትሄዳለች።

«አንድ ኩባያ አጥሚት ጠጥታ ትሂድ፤ መንገዱ ብርድ ነው» አልኩት አክሊልን። «እሺ እትዬ» አለ።

ጣድኩ። የእናታችንን ማንኪያ መለስኩት፤ ጨዉን በጣቴ ቆንጠር አደረግሁ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ አልቀምስም። ጭልፋውን ሞልቼ፣ ከሥሩ እጄን ደግፌ፣ እንዳይፈስ እየተንቀረፈፍኩ ወደ ቀዳዳው ሄድኩ።

«አሪፋ!»

ብቅ አለች።

«ቅመሽልኝ።»

አየችኝ። አፏን ወደ ጭልፋው አስጠጋች፣ እፍ አለችበት፣ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ጨው አነሰው» አለች።

«አትቀልጂ!»

«ወላሂ፣ አነሰው! አልጫ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ሳቀች፤ ጭልፋው ውስጥ የቀረው ቆርቆሮው ላይ ፈሰሰ። ገብቼ ቆንጠር ጨመርኩ፣ መልሼ አስቀመስኳት። «አሁን የእናትሽ ነው» አለችኝ፤ እናቴን አይታት አታውቅም። በዚህ እንኳ ትንሽ ቀናሁ።

ለትሕትና ኩባያውን ሰጠኋት። ማሙሽ ነጩን ሹራብ ለብሷል፣ ማን እንዳለበሰው አላየሁም፤ ራሱ ላይ ያ ቢጫ ኮፍያ ጆሮው ዝቅ ብሎ። ተጎነጨች። ደግማ ተጎነጨች። አንገቷን ሳታቀና ጨረሰችውና ኩባያውን መለሰችልኝ። እጄን ወደ ማሰሮው ሰድጄ ጠበቅኋት።

«አክሊል፣ ሻንጣውን ወደ ውስጥ አስገባው፣ በር ላይ ዝናብ ይመታዋል» አለች።

ውሃ አልጠየቀችኝም።